ጭራቃችን ለምን በእንግሊዝኛ ይናገራል?

«አስፈሪ ልብ ወለድ የእኛ አይደለም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን የሚሉት ከመጽሐፍ ጋር ያልተዋወቁ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። የሚሉት ግን መጽሐፍ የሚያነቡ፣ መጽሐፍ የሚተቹ፣ መጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ናቸው። አንዱ «ሆረር የፈረንጅ ፊልም ነው» ይላል። ሌላው «ሕዝቡን ከጨለማ ለማውጣት ስንደክም እናንተ ወደ ጨለማው ልትመልሱት ነው ወይ?» ብሎ ይቆጣል። ሦስተኛው ደግሞ ትከሻውን ሰብቆ «በዓይናችን ያየነው መች አነሰንና ነው የፈጠራ ፍርሃት የምንሸምተው?» ይላል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ሦስቱንም እሞግታለሁ። ክርክሬ ይህ ነው፦ ፍርሃት የሌለን ሕዝብ አይደለንም። ፍርሃታችንን የጻፈ ደራሲም አላጣንም። ነገር ግን ደራሲዎቻችን የፍርሃታችንን ጓዳ ሊከፍቱ በተነሡ ጊዜ ደጋግመው የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ለአገር ልጅ ቁም ነገሩን፣ ለእንግዳ ጭራቁን አቀረብን። ይህ ልማድ ደግሞ ብዙ አስከፍሎናል።

*

ከአገሬ ልጀምር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. ከአምቦ አቅራቢያ በቦዳ ተወለደ። እኛ የምዕራብ ሸዋ ሰዎች በእርሱ መኩራት ሲያንሰን ነው። የሼክስፒርን «ማክቤዝ» እና «ሐምሌት» ወደ አማርኛ የመለሰልን እርሱ ነው። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ልብ በል፤ የ«ማክቤዝ» ተውኔት የሚከፈተው በጠንቋዮች ነው፤ የ«ሐምሌት» ታሪክ የሚንቀሳቀሰው የሞተ አባት ከመቃብሩ ተነሥቶ ልጁን ስላነጋገረው ነው። ከቦዳ የወጣው ልጅ ለስኮትላንድ ጠንቋይና ለዴንማርክ ሙት አማርኛ አገኘላቸው። አማርኛውም ያማረ፣ የከበደ፣ መድረክ የሚያንቀጠቅጥ አማርኛ ነበር። ያን ጊዜ «ይህ የእኛ አይደለም» ያለ ሰው አልተሰማም፤ ሼክስፒር ነዋ!

ይኸው ጸጋዬ የገዛ ምድሩን ሙታን ሊያናግር በተነሣ ጊዜስ ምን አደረገ? በ1965 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመለትን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለ ተውኔት በእንግሊዝኛ ጻፈ። ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሻንካ የሚባል ጎበዝ በኦዳው ዛፍ ትንቢት ኡኩቴ የምትባል ሴት ትታጭለታለች። የሙታን አባቶች ግን ከዚህ ጋብቻ የሚወለደው በኩር መሥዋዕት እንዲሆንላቸው ይጠይቃሉ። ሻንካ ልጁ እንዳይታረድ ሲል ሚስቱን ሳይነካት ይቀመጣል። ሽሽቱ ግን አያድነውም፤ ጓደኛውን ጎኣንም፣ ኡኩቴንም፣ ጎሣውንም ይዞ ወደ ጥፋት ይወርዳል። ወዳጆቼ፣ ይህ አስፈሪ ድርሰት ካልሆነ አስፈሪ ድርሰት ማለት ምንድን ነው?

ኦዳ በእኛ ዘንድ የሸንጎ ዛፍ ነው። ሕግ የሚወጣበት፣ ዕርቅ የሚወርድበት፣ ሽማግሌ የሚመርቅበት ጥላ ነው። ደራሲው ያን የሰላም ዛፍ የሞት ፍርድ የሚንጠባጠብበት ዛፍ አደረገው። ደፋር ፈጠራ ነው፤ የሚያከራክርም ፈጠራ ነው። ግን ማን ይከራከረው? ተውኔቱ የተጻፈው ከኦዳው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች በማያነቡት ቋንቋ ነው። በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ ገበያ «ኦዳን እንዲህ ማድረግ ይገባል? አይገባም?» ተብሎ በተሟገትን ነበር። በቤት ውስጥ ያልተነገረ ፍርሃት በቤት ውስጥ አይሞገትም። ጸጋዬን አልወቅስም። በዚያ ዘመን አፍሪካዊ ጸሐፊ ከአህጉሩ ጋር ለመነጋገር እንግሊዝኛን መምረጡ ይገባኛል። የምወቅሰው እርሱ በእንግሊዝኛ የከፈተውን በር በአገራችን ቋንቋ ሳንገባበት የቀረነውን እኛን ነው።

ይህ የጸጋዬ ብቻ ታሪክ ቢሆን «አጋጣሚ ነው» ብለን ባለፍነው ነበር። «አደፍርስ»ን የሰጠን ዳኛቸው ወርቁ የሚሞት ፊታውራሪን ወደ ዝቋላ ተሸክመው ሲወጡ የሚያሳየውን፣ ጠበልና ጥንቆላ፣ ተስፋና አጉል እምነት የተደባለቁበትን ልብ ወለዱን «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» ብሎ በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አወጣ። ሐማ ቱማ የደርግን ዘመን በፍርድ ቤትና በጠንቋይ ቀልድ እየጠቀለለ የሚያስቅና የሚያስበረግግ ታሪኮቹን በ1993 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም የመጽሐፉ ርእስ «የሶሻሊስቱ ጠንቋይ ጉዳይ» ነበር፤ እርሱም በእንግሊዝኛ ነው። የጎንደርን ዛር በ1932 እ.ኤ.አ. በባለዛሮቹ ቤት ተቀምጦ ሌሊት ከቀን የመዘገበው ሚሼል ሌሪስ ደግሞ ፈረንሳዊ ነው፤ መጽሐፉም በፈረንሳይኛ ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. የሆነውን እንመልከት። ትውልዷ ከጃማይካ የሆነ ሎረን ብላክውድ የምትባል አሜሪካዊት የመጀመሪያ ልብ ወለዷን አሳተመች። የሻርሎት ብሮንቴን «ጄን ኤር» ወስዳ ኢትዮጵያን በሚመስል ምድር ላይ ተከለችው። ባለታሪኳ አንድሮሜዳ ደብተራ ናት። ሥራዋ ክታብ እየሠራች «ክፉ ዓይን» የሠፈረበትን ቤት ማጽዳት ነው። መጽሐፉ በአሜሪካ ብዙ አንባቢ አገኘ። ደብተራ! ክታብ! የሰው ዓይን! እኛ «ለልብ ወለድ አይመጥንም» ብለን ከማጀት የቆለፍንበትን ዕቃ ከባሕር ማዶ የመጣች ጸሐፊ አንሥታ አቧራውን አራግፋ የመጀመሪያ መጽሐፏን ሠራችበት። አንዳንዱ «ባህላችንን ሰረቀችን» ሊል ይችላል። እኔ አልልም። የጣሉትን ዕቃ ያነሣ ሰው ሌባ አይባልም።

*

ለመሆኑ ለምን በእንግሊዝኛ? መልሱ አሳፋሪ ቢሆንም ቀላል ነው። ቡዳ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ባህል» ይሆናል፤ በአማርኛ ሲጻፍ ጎረቤት ይሆናል። የባዕዱ አንባቢ ገጹን ዘግቶ ይተኛል። የእኛ አንባቢ ግን መብራት አጥፍቶ ሲተኛ ጅቡ ከውጭ ይጮኻል። በባዕድ ቋንቋ ፍርሃት ጌጥ ነው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ግን ይነክሳል። የተማረው ሰው ደግሞ እንዲነከስ አይፈልግም። «ዲግሪ ይዤ ጭራቅ ልፍራ?» ይላል።

እኔ በባንክ መስኮት የምቀመጥ ሰው ነኝ። በአንገቱ ክታብ ያሠረ ሰው በእጅ ስልኩ ገንዘብ ሲያስተላልፍ አያለሁ። ሕፃኗን «ከሰው ዓይን» ብላ በነጠላ ሸፍና፣ ጤና አዳም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የሒሳብ ደብተር የምታስከፍት እናት አያለሁ። ስለ ወለድ ምጣኔ አብራርቼላት ስትሄድ ጓደኛዬ «ኋላ ቀር!» ብሎ ይስቃል፤ ያው ጓደኛዬ ግን የገዛ ልጁን «አድገሃል» ያለበትን ሰው «ትፍ በልበት» ይለዋል። እንግዲህ ፍርሃቱ ከመሃላችን አልወጣም። የወጣው ከመጻሕፍታችን ብቻ ነው።

ያልጻፉትን ፍርሃት ደግሞ ማንም አይመረምረውም። «ጨለማ» ያላችሁትን ነገር በጨለማ ትታችሁ ብርሃን ይመጣል ማለት እንዴት ያለ ብልሃት ነው?

*

«ሆረር የፈረንጅ ነው» ለሚለው ወገን ሁለት ነገር ብቻ ላስታውሰው።

አንደኛው የሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ ነው። ሕፃናትን የምትገድል ውርዝልያ የሱስንዮስን አራስ ልጅ ትገድልበታለች፤ እርሱም በፈረሱ ተቀምጦ፣ ጦሩን ይዞ ይፈልጋታል። ይህን ታሪክና ጸሎቱን ደብተራው በብራና ጽፎ፣ መልአክና የሚያፈጥ ዓይን ሥሎ፣ ጠቅልሎ ለእናት ይሰጣል። ብራናው ሲዘረጋ በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲሆን ተደርጎ ይቆረጥ ነበር፤ ስሟም በውስጡ ይጻፋል። ብራናው ወደ ሌላ ሰው ሲያልፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይገባል። በቁመትህ ልክ የተቆረጠ፣ ስምህ የተጻፈበት፣ ከውስጡ ዓይን የሚያይህ ድርሰት! የትኛው የለንደን ወይም የኒውዮርክ አሳታሚ ነው ከዚህ የበለጠ ወደ አንባቢው የቀረበ የፍርሃት መጽሐፍ ያወጣው?

ሁለተኛው በላዔ ሰብእ ነው። ሰባ ስምንት ሰው የበላው፣ ከቤተ ሰቡ የጀመረው በላዔ ሰብእ። ይህን ታሪክ በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ሲከበር አያቶቻችን ሲሰሙ ኖረዋል። በላተኛው በውሃ ጥም ለሚቃጠል ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በፍርድም ቀን ጥርኟ ውሃ ሰባ ስምንቱን ነፍስ መዘነች። የምሕረትን ስፋት ለማስተማር ሲባል በመጀመሪያ አስፈሪው ነገር ምንም ሳይለሰልስ ተነገረ። አባቶቻችን ያለ ፍርሃት ምሕረት ክብደት እንደማይኖረው ያውቁ ነበር። የዛሬ ደራሲ ግን የምሥራቹን ብቻ ሊነግረን ይፈልጋል።

ከዚህ ላይ የቃሉን ሀብት ጨምሩበት። ጭራቅን በአማርኛ ሰማሁት፤ ቡልጉን በኦሮምኛ። ሁለቱም ሰው በላ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም፤ የሚፈሩበት ሰዓትም፣ የሚሸነፉበት ብልሃትም ይለያያል። ከጊንጪ በላይ ያለው የጭሊሞ ደን፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛው የወንጪ ሐይቅ፣ በደሴቱ ላይ ያለው ገዳም፣ ከአምቦ ምድር ሆድ እየፈላ የሚወጣው ውሃ፣ ሌሊት እስከ አስፋልቱ የሚወርደው ጅብ… ይህን ሁሉ ይዞ «የምጽፍበት ነገር አጣሁ» ማለት ከጉደር ወንዝ ዳር ቆሞ ጠማኝ እንደማለት ነው።

በሌላ በኩል «አስፈሪ እጽፋለሁ» ብለው የተነሡትንም አልምራቸውም። አንዳንድ የወጣት ረቂቆችን አንብቤአለሁ። ቫምፓየሩ ቦሌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል፤ ነጭ ሽንኩርት ይፈራል፤ መስተዋት ውስጥ አይታይም። ልጆቼ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ለቡዳ መከላከያ እንደሚያዝ እናቶቻችሁ ያውቃሉ። እናንተ ግን ነጭ ሽንኩርትን ከድራኩላ ተማራችሁት! ከማጀታችሁ ያለውን ዕቃ በውጭ ምንዛሪ መግዛት ይሉታል ይህን።

*

ወደ መጀመሪያው ልብ ወለድ የሚወስደው መንገድስ? «ጊዜ የለኝም፣ አሳታሚ የለኝም፣ ዘመድ የለኝም» የሚለውን ሰበብ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔም እንደ ቢሮ ጸሐፊነቴ በሚገባ አውቀዋለሁ። እስቲ የሌሎቹን መንገድ እንይ።

ብራም ስቶከር በደብሊን የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ በ1879 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጽሐፍ ስለ አየርላንድ አነስተኛ ፍርድ ቤቶች ጸሐፊዎች የሥራ ድርሻ የሚያስረዳ ደረቅ መመሪያ ነው። «ድራኩላ»ን ማስታወሻ መያዝ የጀመረው በ1890 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያሳተመው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰባት ዓመት። ትራንሲልቫኒያን በእግሩ አልረገጠም፤ የጭራቁን ስም ያገኘው ዊትቢ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ስቴቨን ኪንግ አስተማሪ ሆኖ፣ በተጎታች ቤት እየኖረ «ኬሪ»ን ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቆሻሻ ውስጥ ጥሏቸው ሚስቱ ናት ያነሣቻቸው። በ1974 እ.ኤ.አ. ለታተመው ለዚያ መጽሐፍ የተሰጠው ቀብድ 2,500 ዶላር ነበር።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱኦላ ነው። ሌጎስ ውስጥ በሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር። በአያቶቹ ተረት የሞላውን «የዘንባባ ወይን ጠጪው»ን ጻፈ፤ በ1952 እ.ኤ.አ. ለንደን ታተመለት። ፈረንጆቹ ሲያደንቁት የገዛ አገሩ ምሁራን አፈሩበት፤ «በተሰባበረ እንግሊዝኛ ኋላ ቀርነታችንን አሳየብን» አሉት። ያ ሐፍረት እኛ ዘንድ ያለው ሐፍረት ራሱ ነው። ከእርሱ በፊት ደግሞ አስተማሪው ፋጉንዋ በ1938 እ.ኤ.አ. አዳኝ በጋኔን ጫካ ውስጥ ሲንከራተት የሚያሳየውን መጽሐፉን በዮሩባ ጻፈ፤ ለዮሩባ ልጆች ጻፈ። የአገሩ ልጅ አነበበው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1968 እ.ኤ.አ. ወሌ ሾይንካ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ ዓለም። ዮሩባዎቹ ጫካቸውን ለራሳቸው ካወሩት በኋላ ነው ዓለም ሊሰማ የመጣው።

*

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። አስፈሪ ልብ ወለድ ይጻፍ ስል ዝም ብሎ ይጻፍ ማለቴ አይደለም።

«ቡዳ» የሚለው ስም በአገራችን በማን ላይ ሲለጠፍ ኖረ? በብረት ቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በቆዳ ፋቂው፣ በሸማኔው ላይ። ማረሻችንን የሠራልን፣ ድስታችንን የጠፈጠፈችልን ሰው «ማታ ጅብ ይሆናል» ተባለ። ከማዕድ ተገለለ፤ ልጁ ሳይዳር ቀረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በላይ ኖረ። እንግዲህ አንድ ደራሲ ተነሥቶ «ቀጥቃጩ ማታ ጅብ ሆነ፤ ሕፃኑንም በላ» ብሎ ቢጽፍ ፈጠራ ሳይሆን የድሮ ሐሜት በኮምፒውተር ጻፈ እላለሁ።

የእኛ እውነተኛ አስፈሪ ታሪክ ከሌላው ወገን ነው ያለው። ሕፃን ታመመ። ሌሊት ነው። መንደሩ ችቦ ይዞ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ጎጆ እየመጣ ነው። ከፊት የሚመራው ትናንት ጀበና የገዛት ሰው ነው። እርስዋ በውስጥ ሆና የእግራቸውን ድምፅ ትሰማለች። ጭራቁ ማን ነው? ይህን ልብ ወለድ ከባሕር ማዶ ያለች ጸሐፊ ልትጽፍልን አትችልም፤ ሸክላ ሠሪዋን አታውቃትምና። እኛ ግን እናውቃታለን፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከእርስዋ ጋር ዋጋ እንከራከራለን። ይህን የመጻፍ ዕዳ የእኛ ነው። «ሕዝቡን ወደ ጨለማ ትመልሱታላችሁ» ላለኝ ወንድሜ መልሴ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከመቶ ንግግር በላይ ችቦውን ከሰው እጅ ያስጥላል።

የሦስተኛው ሰው ክርክር የሚከበር ክርክር ነው። «ያየነው መች አነሰን?» አዎን፣ አላነሰንም። ቀይ ሽብርን ያየ አገር ነው። «ኦሮማይ»ን የጻፈው በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰበት አገር ነው። አምቦም በ2006 ዓ.ም. ልጆቿን ቀብራለች። ይህን ያየ ሰው የወረቀት ጭራቅ ቢንቅ አልፈርድበትም።

ነገር ግን ፍርሃትን የጻፉት ሰዎች ምንም ያልደረሰባቸው ይመስለዋል? ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን በ1816 እ.ኤ.አ. ስትጀምር የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን በአራስነቷ ቀብራለች። ሙትን ነፍስ ስለ መዝራት የጻፈችው ሥራ ፈትታ አልነበረም። ቶኒ ሞሪሰን በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «ቢላቭድ» የባርነትን መከራ ስትተርክ የተገደለችን ልጅ መንፈስ ወደ ቤት አስገባች፤ መነሻዋም በ1856 እ.ኤ.አ. በእውነት የተፈጸመ ነገር ነው። የደረሰው መከራ በሪፖርት ቋንቋ አልነገር ሲላት ሙቷን ጠርታ አናገረቻት። እኛ ስንት ያልተነገረላቸው ሙታን አሉን! ቁጥራቸው በሪፖርት ይኖር ይሆናል፤ ሌሊት የሚያንኳኩት በር ግን በየትኛው መጽሐፋችን ውስጥ ነው?

*

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች የምለው አለኝ። አሳታሚዎች ሆይ፣ «ይህ ዓይነቱ አይሸጥም» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሸጣችሁ ሞክሩ፤ ሳይሞከር የቀረ ገበያ ኪሳራው በየትኛው መዝገብ እንደሚያዝ እኔ በሙያዬም አላውቅ። ሐያስያን ሆይ፣ የማክቤዝን ጠንቋዮች በጥበብ ስም ተቀብላችሁ የአገራችሁን ዛር በኋላ ቀርነት ስም አትመልሱ፤ ሚዛናችሁ አንድ ይሁን። ወጣት ደራሲ ሆይ፣ ፊልሙን ዝጋና ሂድ፤ ከደብተራው፣ ከባለ ዛሯ፣ ከሸክላ ሠሪዋ፣ ቡልጉን ከምታውቀው አሮጊት ዘንድ ተቀመጥ። ደብተር ያዝ። ሰባት ዓመት ቢፈጅብህም ያዝ። በአማርኛ ጻፈው፤ በኦሮምኛ ጻፈው፤ እንግሊዝኛው ኋላ ይደርሳል።

ጸጋዬ ለስኮትላንድ ጠንቋዮች አማርኛ አስተማራቸው። ከኦዳው ሥር ያሉት የገዛ አገሩ ሙታን ግን አፋቸውን የፈቱት በእንግሊዝኛ ነው። አሁን እነርሱን የአገራቸውን ቋንቋ የሚያስተምራቸው ሰው ይፈለጋል። አመልካቹ ዲግሪ ቢኖረውም ባይኖረውም ግድ የለም፤ ጨለማን መፍራት ግን ግዴታው ነው።